ሐምሌ ላይ ሐዳር

ነገሩን የጫረው ፎቶ ነው። ጓደኛዬ ታይላንድ ደርሶ በመጣ በሳምንቱ አራት ኪሎ አንድ ማኪያቶ ቤት አስቀምጦኝ፣ ስልኩን በአውራ ጣቱ እየገፋ ወደ ሦስት መቶ የሚጠጋ ፎቶ አሳየኝ። ከተማው አዩታያ ይባላል። ዙሪያውን ወንዝ የከበበው፣ ዛሬ ጸጥ ያለ፣ ድሮ ግን የሲያም ነገሥታት መናገሻ የነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1767 የበርማ ጦር አቃጥሎት የሄደ ከተማ ነው። የቡድሃ ቤተ መቅደሶቹ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ቆሟል። የቡድሃ ሐውልቶች በረድፍ ተደርድረዋል፤ ብዙዎቹ ከአንገታቸው በላይ የላቸውም። አንዱ ጭንቅላት ግን ተርፎ አንድ ትልቅ ዛፍ በሥሩ አቅፎታል፤ ልክ እናት ልጇን በነጠላ እንደምታቅፍ።

«እዚህ ጋ ቆመህ ፎቶ መነሳት የለም» አለኝ። «ከቡድሃ ራስ በላይ መሆን ነውር ነው። ዘበኛው ተንበርከክ ይልሃል።»

«ተንበረከክህ?»

«ተንበረከክኩ እንጂ!»

ይህ ሰው በሠርጉ ዕለት ካህኑ ተንበርከክ ሲሉት ሱሪው እንዳይቆሽሽ መሐረብ ያነጠፈ ሰው ነው። ዝም አልኩት። እሱ ግን ዝም አላለም። «እኛ አገር እንዲህ ያለ ቦታ የለም» አለ። አክሱም አልኩ፤ አይቶታል። ላሊበላ አልኩ፤ ሁለቴ ሄዷል። ደሜ ፈላና፣ «ሐዳርስ? ሦስት ሚሊዮን ዓመት! የትኛው ቡድሃ ነው እሱን የሚያህለው?» ብዬ ጠረጴዛውን መታሁ። ማኪያቶው ፈሰሰ።

«ሄደህ ታውቃለህ?» አለኝ፣ በሶፍት እየጠረገ።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። እኛ ሦስት ሚሊዮን ዓመት ስንቆጥር የሚስተካከለን የለም። ሐዳር ላይ የተገኘችው ሉሲ ካናቴራ ላይ አለች፣ የሆቴል ስም ላይ አለች፣ የሴቶች ብሔራዊ ቡድናችን ስም ናት። ሐዳር በየት በኩል ነው ቢሉኝ ግን በአገጬ ወደ ምሥራቅ ከመጠቆም በቀር ሌላ መልስ አልነበረኝም። የማውቃቸው ሰዎች ሁሉ እንደኔ ናቸው። ቅርሱን በአፋችን እንጂ በእግራችን አልደረስንበትም።

(ቡድሃን ካነሳን አይቀር፣ የእሱ ነገር እኛ ደጅ ጨርሶ አልደረሰም ማለት አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1940 ደብረ ዳሞ ላይ ከመቶ በላይ የወርቅ ሳንቲም ተገኝቷል፤ የኩሻን ነገሥታት ሳንቲም ነው። ኩሻኖች ከዛሬው አፍጋኒስታን እስከ ሰሜን ህንድ የገዙ ናቸው፤ ካኒሽካ የሚባለው ንጉሣቸው ደግሞ ቡድሂዝምን በመደገፍ ስሙ የሚነሳ ነው። የህንድ ንግድ በአዱሊስ በኩል ይገባ ስለነበር ወርቁ መንገድ አላጣም። ሳንቲሙ መጣ፣ ቤተ መቅደሱ ቀረ። ይህን ለጓደኛዬ ብነግረው «ሳንቲሙን አሳየኝ» ይላልና ዋጥኩት።)

ከማኪያቶው በአሥረኛው ቀን ወደ ሐዳር ለመሄድ ከአዲስ አበባ ወጣን። ወሩ ሐምሌ ነው። የተከራየነው ላንድክሩዘር ሾፌር በጂቡቲ መንገድ ስምንት ዓመት ተሳቢ የነዳ ሰው ነው፤ ገና ከቃሊቲ ሳንወጣ፣ «ጋሼ፣ ሐምሌ ነው። ደጋ ሲዘንብ ቆላ ይወስዳል» አለኝ። ተረት የሚነግረኝ መሰለኝና «እውነት ነው» ብዬ አለፍኩት።

አዋሽ ሰባት ኪሎ ለምሳ ደረስን። አሮጌው የባቡር ጣቢያ አጠገብ ያለችውን ቡፌ የማያውቅ መንገደኛ ያሳዝነኛል። ወፍራም ግድግዳ፣ ቅስት ያለው በረንዳ፣ በላዩ ላይ የተንዠረገገ ቡገንቪላ፣ ፊት ለፊት ደግሞ ማንም የማይመጣበት ሐዲድ። የጂቡቲ ባቡር ድሬዳዋ የገባው እ.ኤ.አ. በ1902፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1917 ነው። በመሃል ያለችው አዋሽ ሰው የሚወርድባት፣ የሚበላባት፣ የሚያድርባት ከተማ ነበረች። አሁን የኤሌክትሪክ ባቡሩ በሌላ በኩል ያልፋል፤ አሮጌው ሐዲድ ላይ ፍየል ቆሞ ያመሰኳል። ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ሲቀመጥ መልኩ ተለወጠ። «ይሄ ይበቃኝ ነበር» አለ። «ፍርስራሽ ነው፣ ወንዝ አለ፣ ጸጥታ አለ። ለምን እንቀጥላለን?»

መመለስ የነበረብን እዚያ ነው። እኔ ግን «ይህማ መቶ ዓመት የሆነው ልጅ ነው» ብዬ ሒሳብ ከፈልኩ።

ከአዋሽ ወደ ሰሜን ሲታጠፉ መንገዱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል፤ ሙቀቱም ቀጥ ብሎ ይመጣል። ገዋኔን ስናልፍ ወደ ግራ፣ ከወንዙ ማዶ እየጠቆምኩ አራሚስ እዚያ እንደሆነ፣ 4.4 ሚሊዮን ዓመት የሆናት አርዲ እዚያ እንደተገኘች፣ የመጀመሪያዋን ቁራጭ አጥንት ያየው ኢትዮጵያዊው ዮሐንስ ኃይለሥላሴ እንደሆነ ተናገርኩ። ጓደኛዬ አንቀላፍቷል። ሾፌሩ ግን ሰምቶኝ ነበር፤ «አራት ሚሊዮን ዓመት ሙሉ መንገዱን አስፋልት ያደረገው የለም ማለት ነው» አለ።

ሚሌን አልፈን ሰመራ ገባን፤ ወደ ሐዳር ከመታጠፋችን በፊት ደብዳቤ ያስፈልጋል ተብለን ነበርና። ሰመራ የቆየ ከተማ አይደለም። የክልሉ መቀመጫ በአዋሽ ዳር ካለችው ከጥንቷ የአውሳ ሱልጣኔት ከተማ ከአሳይታ ወደዚህ ሲዛወር ባዶ ሜዳ ላይ የተተከለ ነው፤ ሰፊ መንገድ፣ ሰፊ ሰማይ፣ በመሃላቸው ነፋስ። የገባነው ዓርብ ከቀትር በኋላ ነው። ዓርብ ከቀትር በኋላ አፋር ምድር ቢሮ የሚፈልግ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ ራሳችሁ ፍረዱ። ማንንም አልወቅስም። በረንዳ ላይ ያገኘነው አንድ ወጣት ሠራተኛ በትህትና፣ «ደብዳቤው ከአዲስ አበባ ነው መምጣት የነበረበት» አለን። ከዚያ ስልክ፣ ልመና፣ ሻይ፣ እንደገና ስልክ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንዲት ወረቀትና አንድ መሪ ተሰጠን።

ሌሊቱን ያደርነው ሎግያ ነው። ባለ ሆቴሏ ቁልፍ ስትሰጠን፣ «ክፍሉ ለዕቃችሁ ነው፤ አልጋችሁ ግቢ ውስጥ ነው» አለች። እውነትም አልጋው ከነፍራሹ ከሰማይ ሥር ተዘርግቷል፤ ከጎናችን የተሳቢ ሾፌሮች ተሰልፈው ያንኮራፋሉ። እኩለ ሌሊት ላይ ነፋሱ ተነሳ። አሸዋ ጥርሴ ውስጥ እየተንኮሻኮሸ ኮከብ ስቆጥር ጓደኛዬ ከጎኔ፣ «አዩታያ ላይ ኤሲ ነበረው» አለ።

መሪያችን ሽርጥ ያገለደመ፣ ክላሽ ያነገተ፣ ወገቡ ላይ ጊሌ የታጠቀ ሃያ አምስት ዓመት የማይሞላው ልጅ ነው። አማርኛውን የተማረው ሚሌ ላይ ከመኪና ሰው ነውና ግማሹ ስድብ ነው፤ ያንንም በፍቅር ነው የሚናገረው። ወደ ሚሌ ተመለስን፣ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ታጠፍን፣ ኤሊውሃ ደረስን፣ ከዚያ አስፋልቱን ለቀን ወደ በረሃው ወረድን። ግማሽ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ ጎማው ፈሰሰ።

ያፈሰሰው እሾህ ነው። ፕሮሶፒስ የሚባለው ዛፍ በረሃማነትን ይከላከላል ተብሎ ከውጭ መጥቶ አዋሽ ሸለቆ ላይ ተተክሎ ነበር፤ በረሃውን ከመከላከል ይልቅ የግጦሹን መሬት ያዘ። የአካባቢው ሰው «ወያኔ» ይለዋል። ስለ ስሙ የምለው የለኝም፤ ስለ እሾሁ ግን ምስክር ነኝ፣ የጣት ያህል ነው። ሾፌሩ ክሪኩን አውጥቶ ስኮርታውን ሲያወርድ ስኮርታውም ነፋስ የለውም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝና፣ «ጋሼ፣ ይሄ የኔ ጥፋት ነው» አለ። በአገራችን መንገድ ላይ እንዲህ ያለ ቃል ሰምቼ ስለማላውቅ መቆጣት አቃተኝ።

ሾፌሩ ጎማውን እያንከባለለ ወደ ኤሊውሃ ጎሚስታ ሄደ። እኛ በመኪናው ጥላ ተቀመጥን። ውሃችን ሞቆ ሻይ ሊሆን ቅጠል ብቻ ነው የጎደለው። ያን ጊዜ ነው ግመሎች የሚነዳ አንድ ሽማግሌ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ያለው። መሪያችን ተነስቶ እጁን ያዘው፤ ሁለቱም በዱላቸው ተደግፈው ማውራት ጀመሩ። አንዱ ይናገራል፣ ሌላው በየመሃሉ በጉሮሮው «እህ» ይላል፤ ከዚያ ተራ ይቀያየራሉ። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ዳጉ ነው። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ያየውን፣ የሰማውን፣ ዝናብ የት እንደጣለ፣ ግጦሽ የት እንዳለ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደች ሳያጋራ አይለያይም። ያልተረጋገጠውን ወሬ የጨመረ ደግሞ ስሙ ይጠፋል። እኛ ጋ በየስልኩ የሚንጋጋውን ሳስብ ቀናሁ።

«ምን አለህ?» አልኩት መሪያችንን።

«ብዙ ነው። አንዷ ግመል ወልዳለች። ባቲ በኩል ማታ ከባድ ዝናብ ጥሏል። ደግሞ ሁለት የአዲስ አበባ ሰዎች ዓርብ ቀን ቢሮ ሲፈልጉ ነበር አለኝ።»

ስለ ዝናቡ መጠየቅ ነበረብኝ። እኔ ግን ስለ ሁለቱ የአዲስ አበባ ሰዎች ሌላ ምን እንደተባለ ነው የጠየቅኩት። አልነገረኝም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ ሐዳር ደረስን። ደረስን ያልኩት መሪያችን «ይሄው» ስላለ ነው። አመዳማ፣ ቡናማ፣ በየመሃሉ ነጣ ያለ መስመር የገባበት የተሸረሸረ ኮረብታ፣ ከኮረብታው ሥር ሌላ ኮረብታ። ቤት የለም፣ ግድግዳ የለም፣ ቲኬት ቆራጭ የለም። ጓደኛዬ ከመኪና ወርዶ አንዴ በዓይኑ ዞረውና፣ «የታለ?» አለ።

«ምኑ?»

«ነገሩ።»

እዚህ ጋ ልቆጣ ፈልጌ ነበር፤ ጥያቄው ግን የኔም ነበር። ፍርስራሽ ሲባል ቢያንስ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እንጠብቃለን፤ ሰው ያቆመው፣ ሰው ያፈረሰው። ሐዳር ላይ ግን ያቆመም ያፈረሰም ሰው የለም። ድሮ እዚህ ሐይቅና ወንዝ ነበር፣ ዛፍ ነበር። ከሉሲ አጥንት ጋር የአዞና የኤሊ እንቁላል፣ የሸርጣን ጥፍርም ተገኝቷል። (ያለፍናትን ከተማ «ኤሊ ውሃ» ብሎ የሚሰማ የአማርኛ ጆሮ እዚህ ላይ ፈገግ ይላል።) ሐይቁ ደለሉን አለበሳቸው፣ እሳተ ገሞራው አመዱን ደረበበት። ነጣ ያለው መስመር ያ አመድ ነው፤ የ3.18 ሚሊዮን ዓመቱ ቁጥር የሚነበበው ከእሱ ነው። ከዚያ ዝናብ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይልጠዋል፣ አጥንት ከውስጥ ብቅ ይላል። ያን ዓመት ያየው ካየው፣ ካላየው የሚቀጥለው ጎርፍ ይወስደዋል።

«ቆሞ አይታይም» አለው መሪያችን ለጓደኛዬ። «ፈረንጆቹ ሲመጡ ጎንበስ ብለው ነው የሚሄዱት። ቀኑን ሙሉ። ወገባቸው አያማቸውም?»

ጓደኛዬ ጎንበስ አለ። ታይላንድ የለመደው ነገር ነው። ሃያ እርምጃ ያህል ሄዶ ድንገት ጮኸ። «አገኘሁ! አገኘሁ! እጅ ነው!» ሮጬ ደረስኩ። ነጭ፣ ቀጭን፣ ጫፉ ላይ መገጣጠሚያ ያለው አጥንት። እውነቴን ነው፣ ልቤ ቆመ። እ.ኤ.አ. በ1974 ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ወደ መኪናቸው ሲመለሱ መጀመሪያ ያዩት የክንድ ቁራጭ ነበር፤ ይህን አንብቤያለሁ። ጓደኛዬ እጁን ሊዘረጋ ሲል መሪያችን ይዞ መለሰው፤ እዚህ ምድር ላይ ያለውን ማንም አያነሳም። ከዚያ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየውና፣ «ፍየል ናት» አለ። «ዓምና የሞተች።»

ጓደኛዬ ለትንሽ ጊዜ አላናገረንም።

ሉሲ የተገኘችበትን ቦታ ራሱን ለማየት ግን ካዳ ሐዳርን መሻገር አለብን ተባልን። ካዳ በአፋርኛ ትልቅ ማለት ነው፤ ስሙ እንጂ እሱ ያን ቀን ሰፊ ደረቅ አሸዋ መስሎ ነው የታየኝ። ቁልቁለቱን ግማሽ እንደወረድን መሪያችን እጁን አነሳ፤ ቆምን። መጀመሪያ የመጣው ድምፅ ነው፤ ከባድ መኪና ዳገት ላይ ማርሽ ሲቀንስ የሚያሰማው ዓይነት። በላያችን ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ አንዲት ቁራጭ ደመና የለም። ከዚያ ከመታጠፊያው ቡናማ ውሃ ቁጥቋጦና ግንድ እየገፋ፣ ከፊቱ አረፋ እያንከባለለ መጣና ደረቁን አሸዋ በዓይናችን ፊት ወንዝ አደረገው። ማታ ባቲ በኩል የጣለው ዝናብ ነው። ሾፌሩ ከኋላዬ ቆሞ ምንም አላለም። ለዚህ ዝምታው እስከ ዛሬ አመሰግነዋለሁ።

«እዚያ ጋ ነው» አለ መሪያችን፣ ወደ ማዶ በክላሹ አፈ ሙዝ እየጠቆመ። «ከዚያ ጠቆር ካለው በታች። አየኸው?»

አየሁት አልኩ። ጠቆር ያለ ኮረብታ ደግሞ ስድስት ነበር።

ውሃው እስኪጎድል ዳገቱ ላይ ተቀመጥን። እዚያ ተቀምጬ ነው ቀኑ ትዝ ያለኝ። ሉሲ የተገኘችው እሑድ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 15 ቀን 1967። ኅዳር 14 ቅዳሜ ማታ አዲስ አበባ ላይ ደርግ ስልሳዎቹን ባለሥልጣናት ገደለ። አባቴ ያን እሑድ ሬዲዮው ላይ ተደፍቶ የስም ዝርዝር ሲሰማ እንደዋለ፣ እናቴም ቡናውን አፍልታ ሳይጠጣ እንደቀዘቀዘ ስንት ጊዜ ነግረውናል። በዚያው ቀን እዚህ፣ ከዚህ ውሃ ማዶ፣ ሁለት ፈረንጆች አንዲት ክንድ አገኙ። ማታ ድንኳናቸው ውስጥ የቢትልሶችን ዘፈን እየደጋገሙ ሲያስጮኹ የሉሲ ስም ከዘፈኑ ወጣላት። በአንድ አገር፣ በአንድ ቀን ውስጥ። አንዱ ወገን አጥንት ቀበረ፣ ሌላው አጥንት አነሳ። ድንቅነሽ የሚለውን ስም ከዚያ በኋላ ነው እኛ የሰጠናት።

ይህን ለጓደኛዬ ነገርኩት። ከፍየሏ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ተናገረ። «ጭንቅላቷ አለ?» አለኝ።

«ትንሽ ፍርፋሪና መንጋጋዋ። የተገኘው ከአካሏ 40 በመቶ ያህል ነው።»

«እንደ አዩታያዎቹ ነቻ» አለ። ቆይቶም፣ «እንዴት ሞተች?»

እ.ኤ.አ. በ2016 የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አጥንቷ ላይ ያለውን ስብራት አይተው ከዛፍ ወድቃ ነው አሉ። ራሱ ጆሃንሰንና ሌሎችም አይደለም፣ ስብራቱ ከሞተች በኋላ የመጣ ነው ብለው ተከራከሩ። መሪያችን ክርክሩን ሳስረዳው በጥሞና አዳመጠኝ። «ያየ ሰው ከሌለ ዳጉ አይባልም» አለና ተነስቶ ሰገደ።

ሲጨልም ውሃው ጎደለ፤ ለመሻገር ግን ጨለማ ሆነ። ጠዋት እንሻገር እንዳንል ውሃችን አልቋል፣ ስኮርታውም የተጠገነው ላይ ተጠግኖ ነው። ተመለስን። አስፋልቱ ጋ ከመድረሳችን በፊት ያው ጎማ እንደገና ፈሰሰ። የመጨረሻዋን መንገድ አንድ ተሳቢ ጎትቶን ሚሌ ገባን፤ ባለ ተሳቢው ገንዘብ ስንሰጠው አልቀበል ብሎ፣ «ሐምሌ ላይ ሐዳር? ሰው ናችሁ?» ብቻ ብሎን ሄደ።

አዲስ አበባ በገባን በሦስተኛው ቀን ብሔራዊ ሙዚየም ሄድን። ማኪያቶ ከደፋሁበት ቤት በእግር ሩቅ አይደለም። ምድር ቤት ወረድን፤ እዚያ ድንቅነሽ በመስታወት ውስጥ ቆማለች፤ ቁመቷ ከአንድ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ጓደኛዬ ሊያያት ሲል ጉልበቱን አጠፈ። የምትታየው ቅጂዋ እንደሆነች፣ ዋናው አጥንት በካዝና ተቆልፎ እንደሚቀመጥ በጆሮው ነገርኩት። ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ አየኝ።

«ከአምስት መቶ ኪሎ ሜትር በላይ ሄደን ቦታዋን ከማዶ አየን፤ እዚህ መጥተን ቅጂዋን አየን» አለ። «አሜሪካ ስድስት ዓመት ስትዞር ግን ዋናዋ ነበረች?»

ዋናዋ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ2007 ሄዳ በ2013 ነው የተመለሰችው። እሱ የዚያን አገር ቪዛ ሁለቴ ተከልክሏል፤ ስለዚህ ነገሩን አላራዘምኩትም።

ሐዳር የምትሄዱ ካላችሁ፦ ደብዳቤያችሁን ከአዲስ አበባ ያዙ፣ ስኮርታውን በራሳችሁ እጅ ተጫኑትና ነፋስ እንዳለው እዩ፣ ውሃ ከምታስቡት በእጥፍ ጫኑ፣ መሪያችሁ ከመንገደኛ ጋር ሲያወራ ስለ ዝናብ ምን እንደተባለ ጠይቁት። ዓርብ አትግቡ። ሐምሌም አትሂዱ። ኅዳር ጥሩ ነው።